አጎቴ ትቶት የሄደው በቀቀን ላባውን እየነቀለ ነው፤ ምን ላድርግ?

የሆጤ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደሴ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ግን በደንብ ሳልነግራችሁ ብጠይቅ የምትሰጡኝ መልስ አይጠቅመኝም ብዬ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ባለፈው ታኅሣሥ አረፈ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ የነበረው በቀቀን ነው። ግራጫው፣ ጅራቱ ቀይ የሆነው ዓይነት። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሠርተው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች ነው የተቀበለው። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው ብለውታል። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ ወፉ ይበልጠኛል። ስሙ ሸጋው ነው። አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርድ ጋቢና ውስጥ ይዞት ይሄድ ነበር። እስከ ዛሬ የከባድ መኪና ፍሬን አየር ሲለቅ የሚያሰማውን ድምፅ ቁጭ አድርጎ ያወጣዋል።

ከቀብሩ በኋላ ወደ እኛ ቤት መጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ በአጎቴ ድምፅ መናገር ጀመረ። «እንዴት አደርሽ እትዬ»፣ «መጣሁ መጣሁ»፣ «ቡናው ደረሰ ወይ?» ይህንንስ ለምደነው ነበር። ያልቻልነው ሳሉን ነው። አጎቴ የመጨረሻውን አንድ ዓመት በጣም ያስለው ነበር፣ ሸጋውም ያንን ሳል ይዞታል። ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ ሳል ይሰማል። እናቴ ከአልጋዋ ብድግ ትልና ቁጭ ብላ ታድራለች። ጎረቤቶች ደግሞ መንፈስ ነው፣ ከቤት አውጡት እያሏት ነው።

አሁን ደግሞ ላባውን መንቀል ጀምሯል። ደረቱ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ ተራቁቷል። ቅዝቃዜው ይሆን? የጦሳ ተራራ ንፋስ ማታ ማታ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ ቤት በቀን ሦስቴ ቡና ይፈላል፣ እጣኑም ከሰሉም አለ። የሚበላው ሱፍ ነው፣ አጎቴም ሱፍ ነበር የሚሰጠው።

ሌላው ጭንቀቴ ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው፣ ኮምቦልቻ ልገባ ነው። እጮኛዬ «አምጪው» ብሏል፣ ግን ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ አይመስለኝም። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጥሩ ብር እከፍላለሁ ብሎኛል። እነዚህ ወፎች ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራሉ ሲባል ሰማሁ። እንደዚያ ከሆነ እኔ ልጅ ወልጄ፣ ልጄን ድሬ፣ እሱ ገና ይኖራል ማለት ነው። እውነቱን ንገሩኝ። እችለዋለሁ ወይስ ለሚችለው ልስጠው?

የቦርከና ዳር

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ አጎትሽን ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ወፉም ሐዘን ላይ መሆኑን እወቂለት።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እንደዚሁ ግራጫ በቀቀን አለኝ፣ 17 ዓመት አብረን ኖረናል። በዱር ሲኖሩ በመንጋ ነው፣ ሲያድሩም ብዙ ሆነው አንድ ዛፍ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጓደኛ ይይዙና ከሱ ጋር ይከርማሉ። ሰው ቤት ሲያድጉ ያ ጓደኛ ሰው ይሆናል። ለሸጋው መንጋውም ጓደኛውም አጎትሽ ነበር። አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። ለእኛ ቀብር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰው መጥቶ ያጽናናናል። ለሱ ይህን ማን ይንገረው? «መጣሁ መጣሁ» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። አጎትሽ ከበር ሲገባ የሚለው ነገር ነው፣ እሱም እየጠራው ነው።

መንፈስ የሚሉትን ተያቸው። እኔም ጎረቤት ብሎኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ተመራማሪ አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን ነበራት። በፈረንጆች 1977 ገዛችው፣ በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር፣ ቀለምና ቅርጽ ይለያል፣ እስከ ስድስት ይቆጥራል። ያየውን ነገር ስሙን ይጠራ ነበር እንጂ የሰማውን ብቻ አይደግምም። ወላሂ የኔም እንጀራ ሲያይና ሙዝ ሲያይ የሚለው የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። ሳሎን ቴሌቪዥን አጠገብ ከሆነ እንቅልፍ አያገኝም፣ እንቅልፍ ያጣ በቀቀን ደግሞ ይነጫነጫል፣ ላባም ይነቅላል። ከመግሪብ በኋላ ጸጥ ያለ ክፍል አስገቢው። ቀን ደግሞ ሥራ ስጪው። ዱር ቢሆን ምግቡን ሲፈልግ ይውል ነበር፣ ቤት ውስጥ በሳህን ስታቀርቢለት በአምስት ደቂቃ ይጨርስና ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የለውም። ያኔ ምንቃሩ ወደ ገዛ ላባው ይዞራል። እሸት በቆሎ ሲገኝ ከነልባሱ ስጪው፣ ልጦ ይብላ። ለውዝ በወረቀት ጠቅልለሽ አስረሽ ስጪው። ቀለም ያልነካው ለስላሳ እንጨት ስጪው፣ ይሰነጣጥቅ። ቃሪያም ስጪው፣ አትፍሪ። ወፎች የሚያቃጥለውን ነገር እንደ እኛ አይሰማቸውም። የኔ ቃሪያ ፍሬውን ነው አስቀድሞ የሚበላው፣ እንግዳ ሲያየው ዓይኑን ይይዛል።

እችለዋለሁ ወይ ላልሽው ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። በ17 ዓመት ውስጥ ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ ለሱ ሰው ሳላዘጋጅ አንድ ሌሊት ውጭ አላደርኩም። ጠዋት ሲነጋና ፀሐይ ስትጠልቅ ይጮኻል፣ ይህ ተፈጥሮው ስለሆነ በቁጣ አይተውም፣ ብትቆጪው እንዲያውም አብሮሽ ይጮኻል። ይነክሳል። የበሩን ጉበን ቦርቡሮታል። እጮኛሽ ይህን ሁሉ ከሠርጉ በፊት ይስማ።

ሱፉን ተይው አልልም፣ የኔም ዋና ምግቡ ሱፍ ነው፣ ደህና ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ

ከላይ የተጻፈው አብዛኛው ትክክል ነው። በሱፉ ግን አልስማማም፣ ወንድሜ አትቀየመኝ።

ሱፍ ስብ ነው። ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙም አነስተኛ ነው። ግራጫ በቀቀን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የካልሲየም እጥረት ያጠቃዋል። ሲብስ ይንቀጠቀጣል፣ ከመስፈሪያው ይወድቃል። ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆያል፣ ምክንያቱም ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ውስጥ የታመመ የመሰለ ወፍ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሱፍን እንደ ጉርሻ ብቻ ስጡት። ዋናው ምግብ ካሮት፣ የአበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ የተቀቀለ ሩዝና ምስር ይሁን። ማሾ በአካባቢያችን አለላችሁ፣ በቆልት አድርጋችሁ ስጡት፣ በጣም ጥሩ ነው። በቆልቱን በየቀኑ እጠቡት፣ ከሸተተ ጣሉት። ለውጡ ቀስ እያለ ይሁን። 30 ዓመት ሱፍ የበላ ወፍ በአንድ ቀን ጎመን አይቀበልም፣ በረሃብ ልታስገድዱት አትሞክሩ። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው የበዛበት ነገር፣ አልኮል በፍጹም። አቮካዶ በተለይ ልብ በሉ፣ ወፍ ይገድላል።

እህቴ፣ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ጭሱ ነው። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ አይደለም። እኛ የምናስገባውን አየር በዚያው መንገድ መልሰን እናስወጣለን። ወፍ ግን በሰውነቱ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሉት፣ አየሩ በሳንባው ውስጥ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል፣ ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። ለመብረር የሚጠቅመው ይኸው ነው። መርዝ አየር ውስጥ ሲኖር ግን ያንኑ ያህል ፈጥኖ ይወስደዋል። የከሰል ጭስ፣ እጣን፣ ሲጋራ፣ የበረሮ መርዝ በሚነፋበት ክፍል አይቀመጥ። የማይዝ መጥበሻ (ቴፍሎን) እሳት ላይ ተረስቶ ከጋለ ለእኛ ብዙም የማይታወቀን ጭስ ያወጣል፣ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ወፉ ኩሽና አጠገብ ከሆነ መጥበሻውን ቀይሩት።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ነው። ብርዱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ ደረቱ የተራቆተ ወፍ ግን ሙቀት መያዝ አይችልም። ንፋስ የማይመታው ቦታ ይሁን። ጠዋት ግን ፀሐይ ይሙቅ፣ በመስታወት በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ ለካልሲየሙ ያስፈልገዋል። ጥላ የሚሸሽበት ግማሽ ኬጅ ይተውለት።

ላባ መንቀል ሁሉ ሐዘን አይደለም። ጉበት ሊሆን ይችላል፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይመርመር። እዚህ የምናክመው አብዛኛውን ጊዜ ከብት፣ በግና ዶሮ ነው፣ ግን ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው፣ እዚያ ጠይቂ። ኬጁ ከምን እንደተሠራም እዪ። በያጅ በጋልቫናይዝድ ሽቦ የሠራው ከሆነ ዚንክ አለው፣ በቀቀን ደግሞ ሽቦውን ሲልስ ሲያኝክ ነው የሚውለው፣ ይመርዘዋል።

ስለ እናንተም ልንገርሽ። በቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊይዝ ይችላል፣ የበቀቀን ትኩሳት ይባላል። ኩሱ ደርቆ ሲቦን በትንፋሽ ይገባል። ኬጁን ስታጸጂ ውሃ ረጭተሽ አርጥቢው፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ከቤት ሰው ትኩሳትና ደረቅ ሳል የያዘው ካለ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «ቤታችን በቀቀን አለ» ይበል። ይህን ካልነገራችሁት ሐኪሙ አያስበውም።

የጥድ ጥላ

እኔ ወፍ ቤት አላሳድግም፣ በመርህ ደረጃም እቃወማለሁ፣ ግን ይህቺን ልጅ ለመውቀስ አልመጣሁም። ወፉን የመረጠችው እሷ አይደለችም።

ለአዲስ አበባው ሰውዬ አትሽጪ። ግራጫው በቀቀን የእኛ አገር ወፍ አይደለም፣ አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ በኮንጎ ደኖች አድርጎ እስከ ኬንያ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ለሽያጭ ሲሉ ጫካውን ባዶ አደረጉት። ጋና ውስጥ ድሮ በየቦታው ይታይ ነበር፣ አሁን ብርቅ ሆኗል። በፈረንጆች 2016 አገሮች ተስማምተው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፣ ከ2017 ጀምሮ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለ ወፍ ላይ ብር የሚያወጣ ሰው ይበዛል። ያ ሰውዬ ደግሞ ወዶት ነው ወይስ መልሶ ሊሸጠው? ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር ለወፉ እንደገና ሞት ነው።

ሌሎች ይህን አንብባችሁ «እኔም አንድ ልግዛ» ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉት። የራሳችን በቀቀኖች አሉን። ግንባሩ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ክንፉ ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው ትንሹ ደግሞ የእኛና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው፣ የጥድ ፍሬና ሾላ ይበላል፣ በዛፍ ጉድጓድ ያድራል። ወንዶ ገነት ሄጄ ዋርካ ላይ ሰፍረው አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት፣ ከዚያ ቅጠሉ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ያንን ያየ ሰው በሽቦ ውስጥ ማየት አይፈልግም።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ ደሴ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 71 ነው። የጥድ ጥላ ያሉት እውነት ነው። የኔ በቀቀን አረንጓዴው ነው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው። ልጄ ከመተማ በኩል ነው ጫጩት ሆኖ ያመጣልኝ፣ ከጎጆው ተወስዶ ነው። ያኔ አላሰብኩትም። ዛሬ ቢሆን መልሰው እለው ነበር።

በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ምክንያት ከከተማ ስንወጣ ይዤው መሄድ አልቻልኩም። መኪናው ላይ ሰው ከሰው ተደራርቦ ነበር። ጎረቤቴ እሷ አልወጣችም፣ እናቷ አልጋ ላይ ስለነበሩ። ቁልፉን ሰጥቻት ሄድኩ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተዘርፎ ነበር፣ ወፉ ግን እሷ ቤት በሕይወት አለ። ገበያ በሌለበት፣ ለራሷ በቸገራት ጊዜ፣ ጨው የሌለው ንፍሮና የገብስ ቆሎ እያካፈለች አቆይታዋለች። ውለታዋን እስክሞት አልረሳም።

እሱ ግን ጀርባውን ሰጠኝ። እውነቴን ነው፣ ስገባ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ድሮ ትከሻዬ ላይ የሚውል ወፍ እጄን ሳቀርብ ይሸሻል። ለእሷ ያፏጫል፣ ለኔ ዝም። በጣም ከፋኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፣ ምናልባት ይጠቅምሻል። መያዙን ተውኩት። በየቀኑ ጠዋት ቁርሴን ይዤ ኬጁ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ አላየውም፣ ቁርሴን እበላለሁ፣ ለራሴ አወራለሁ። አንዳንድ ቀን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሽቦው አጠገብ ትንሽ ቁራሽ አስቀምጬ እነሳለሁ። እንደዚህ ሆነን አራት ወር ቆየን። መጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ከኋላዬ መጥቶ የሸሚዜን ኮሌታ በምንቃሩ ሳብ አደረገኝ። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ሰው ስላልነበረ ለማንም ሳልናገር አለቀስኩ።

ሸጋውን አታስገድጂው። አጎትሽን ልትሆኚለት አትሞክሪ። አንቺን ራስሽን ይልመድ።

የሳሉ ነገር ደግሞ። እናትሽ ሲደነግጡ፣ ሲሮጡ፣ መብራት ሲያበሩ ያያል። በሳለ ቁጥር ሰው ይመጣለታል ማለት ነው። በሌላ ነገር ሲጠራችሁ ቶሎ ሂዱለት፣ ሲስል ግን አትሩጡ።

እኔ ለወፌ ጎረቤቴን ወራሽ አድርጌያለሁ፣ እሷም እሺ ብላለች። አንቺም ከአሁኑ ሰው አስቢ።

የሆጤ ልጅ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ኮሌታው ጋ ስደርስ ተነሥታ ወጣች።

ሐኪም አይቶታል። ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ቆዳው ላይ ኢንፌክሽን የለም፣ የምግብ ነገር ነው ብሎ ጠርጥሯል፣ የካልሲየም ጠብታ ውሃው ላይ እንድናደርግ ሰጥቶናል። ኬጁ ጋልቫናይዝድ ነበር። አጎቴ ራሱ ነበር ያሠራው፣ እና መጣሉ ከበደኝ። ግን ጣልኩት። አዲሱን አንድ በያጅ በአይዝጌ ብረት ሠራልን፣ ዋጋው አስደንግጦኛል፣ እጮኛዬ ግማሹን ከፈለ። ከሠርጉ ወጪ ላይ መሆኑ ነው።

ቡናው ትልቅ ጭቅጭቅ ነበር። እናቴ «ያለ እጣን የሚፈላ ቡና አልጠጣም» አለች። በመጨረሻ ቡናው ወደ በረንዳ ወጣ፣ ሸጋው ከኋላ ያለው ክፍል ገባ፣ በሩ ይዘጋል። ዝናብ ሲሆን ግን እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

ጎመን እንቢ አለ። ካሮት እንቢ አለ። የማሾ በቆልት ሦስት ቀን መሬት ላይ በተነው፣ በአራተኛው ቀን እኔ ፊቱ ቁጭ ብዬ ስበላ አንገቱን አስረዝሞ አየኝና ከእጄ ወሰደ። አሁን ከሱፉ አስቀድሞ ነው የሚበላው። ቃሪያውንም ሞከርኩት፣ እውነት ነው! ላባው ገና ነው፣ ግን አዲስ መንቀል ቀንሷል፣ ደረቱ ላይ እንደ ሾህ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች እየወጡ ነው። ሐኪሙ አዲስ ላባ ነው አለኝ።

ሳሉን አልተወም። እናቴ ግን መሮጥ ተወች። መጀመሪያ ዝም ብላ ተኝታ ትሰማው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ሲስል በጨለማው ውስጥ «ይማርህ» ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ትለዋለች። ትናንት ሌሊት ሳለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ራሱ «ይማርህ» አለ። በእናቴ ድምፅ።

ለአዲስ አበባው ሰውዬ አይሸጥም ብየዋለሁ። ወራሽም አግኝቻለሁ፣ የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት፣ 14 ዓመቷ ነው፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ኬጁን ታጸዳለች። ስታድግ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች፣ ያኔ ሌላ እንፈልጋለን።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስንወርድ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ መኪና ውስጥ ኬጁን ልሸፍነው ወይስ እያየ ይሂድ?

የቦርከና ዳር

ግማሹን ሸፍኚው፣ ግማሹን ተይለት፣ መሸሸግም ማየትም ይችላል። ኬጁን በቀበቶ አጥብቀሽ እሰሪው፣ የሚወዛወዝ መጫወቻ ሁሉ ይውጣ። ውሃውን አውጪና በምትኩ የዱባ ቁራጭ አስቀምጪለት። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ውረዱ። መቼም የሾፌር ወፍ ነው፣ መንገዱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ከፊት ለፊት ከባድ መኪና ሲመጣ ምን እንደሚል ደግሞ ጻፊልን።

የኔም ሱፉ ቀንሷል፣ ሐኪሙ ይወቀው።